አሮጌ ጆተኒ ሲጠገን ምኑ ይቀራል?

ከጣርማ በር ዋሻ ወደ ደብረ ሲና የሚያወርደው የደሴ መንገድ ሸዋ ሮቢትንና አጣዬን አልፎ ካራቆሬ ሲደርስ ደጋው ከኋላ ቀርቷል። የይፋት ቆላ ነው፤ ሙቀቱ ሰውን ከቤት አውጥቶ ጥላ ሥር ያስቀምጠዋል። በዚህ መስመር ባሉ ከተሞች ጥላ ባለበት ባለ አራት እግር ሳጥን አይጠፋም፤ ስምንት ብረት የተሻገረበት፣ በብረቶቹ ላይ ሃያ ሁለት ሰዎች የተሰኩበት የጠረጴዛ ኳስ፣ ጆተኒ።

ጆተኒ አረጀ ተብሎ አይጣልም። ግቢ ይገባል፣ ይፈታል፣ ይቀጠቀጣል፣ ይቀባል፣ ተመልሶ ይወጣል። ጥያቄው የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ብዙ እጅ ያለፈበትን ሳጥን በቤቱ ከፍቶ የሚሠራ ሰው ምኑን ማዳን አለበት? ምኑንስ ቢለውጥ ነውር የለውም? በዚህ ጥያቄ ውስጥ ሦስት ሥራዎች ተደራርበዋል። መጠገን የቆመውን ማስነሳት ነው። ማደስ ወደ ቀድሞ መልኩ መመለስ ነው። መለወጥ ደግሞ ቀድሞ ያልነበረውን መጨመር ነው። ሦስቱን ሳይለዩ የሚከራከሩ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ቢሟገቱ አይገናኙም፤ አንዱ ስለ ቀለም ሲያወራ ሌላው ስለ ብረት ነው የሚመልስለት።

ስሙ ከመክፈያው መጣ

ጆተኒ የሚለው ቃል ከጣሊያንኛው «ጄቶኒ» ጋር ያለው ዝምድና በጆሮ ይሰማል። ጄቶኔ በገንዘብ ፋንታ ማሽን ውስጥ የሚከተት ክብ ብረት ነው፤ ጣሊያኖች ለረጅም ዘመን በሕዝብ ስልክ የደወሉት በእርሱ ነበር። ጨዋታውን ግን እነሱ ካልቾ ባሊላ ወይም ቢሊያርዲኖ ነው የሚሉት። እኛ የወሰድነው የጨዋታውን ስም ትተን የመክፈያውን ነው ማለት ነው። ዕቃው እጃችን የገባው ሳንቲም እየጎረሰ፣ በቡና ቤት በር በኩል እንደነበር ስሙ ራሱ ይመሰክራል።

መቼ ገባ ለሚለው ሁለት ዓይነት መልስ አለ። አንደኛው ጨዋታውን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከነበረው የጣሊያን ወረራ ጋር ያያይዘዋል። የጣርማ በር ዋሻ የተፈለፈለው በዚያ ዘመን መሆኑ፣ ካምቢዮ፣ ፍሬንና ጎማ የሚሉት ቃላትም ከጣሊያን መኪና ጋር መምጣታቸው ለዚህ ወገን ድጋፍ ይሆኑታል። ሁለተኛው ወገን ከጦርነቱ በኋላ ያሉትን ዓመታት ይመርጣል። ጣሊያን ውስጥ ጨዋታው በየቡና ቤቱ የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው፤ ዛሬ ስሙ ገናና የሆነው የጋርላንዶ ፋብሪካ የተመሠረተው በ1954 እ.ኤ.አ. ነው። አሥመራና አዲስ አበባ የቀሩት ጣሊያኖች ደግሞ ቡና ቤትና ጋራዥ ከፍተው ይሠሩ ነበር። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። ሳንቲም የሚበላ ማሽን በየቀኑ ሳንቲም ይዞ የሚመጣ ደንበኛ ይፈልጋል፤ ያንን ደግሞ የጦር ሰፈር ሳይሆን የሰላም ጊዜ ቡና ቤት ነው የሚያስገኘው።

የጨዋታው ፈጣሪ ማነው የሚለውም እንዲሁ አከራካሪ ነው። እንግሊዛዊው ሃሮልድ ሰርልስ ቶርንተን በ1921 እ.ኤ.አ. ለፈጠራ መብት አመልክቶ በ1923 ጸድቆለታል። ስፔኖች በበኩላቸው አሌሃንድሮ ፊኒስቴሬን ይጠራሉ። ይህ ሰው በእርስ በርስ ጦርነቱ በማድሪድ የቦምብ ድብደባ ቆስሎ ሆስፒታል ሲተኛ፣ እግራቸው ተጎድቶ ኳስ መጫወት ያልቻሉ ሕፃናትን አይቶ ሐሳቡን እንዳመነጨ ተናግሯል። የመጀመሪያውን ጠረጴዛ የሠራለት ግን ፍራንሲስኮ ሃቪየር አልቱና የተባለ አናጢ ነው። የአናጢው ስም በክርክሩ መካከል መዋጡ ያሳዝናል። ለእኛ ጥያቄ ከፈጣሪው ይልቅ የሚቀርበው አናጢው ነውና።

የፒንቦል ሰዎች ሙግት

የጆተኒ ዘመድ የሆነው ፒንቦል በእኛ አገር ሥር አልሰደደም። በመስታወት የተሸፈነ ዘቅዛቃ ሰሌዳ ነው፤ ኳሷ በሞላ ተወርውራ ወደ ታች ስትንከባለል ተጫዋቹ በሁለት ክንፎች እየመታ እንዳትወድቅ ይከላከላል። ሞላውን ሞንታጉ ሬድግሬቭ በ1871 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ መብት አወጣበት፤ ክንፎቹ የመጡት ግን በ1947 «ሃምፕቲ ደምፕቲ» በተባለው የጎትሊብ ማሽን ላይ ነው። ከሰሌዳው ሥር ያለው ሽቦ፣ ጥቅልልና አምፖል ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ከሚሞት ማሽን ይልቅ በጉልበት የሚሠራው ጆተኒ እዚህ መክረሙ አያስገርምም።

ለጥያቄያችን የሚጠቅመው ግን የፒንቦል ሰዎች ስለ እድሳት ያካሄዱት ረጅም ሙግት ነው። አንዱ ወገን ሰሌዳው ላይ ኳስ ሺህ ጊዜ ያለፈችበት የተላጠ መስመር የማሽኑ ታሪክ ነውና አይነካ ይላል። ሌላው፣ ማሽኑ የተሠራው ሊጫወቱበት ነው፤ ካልተጫወቱበት ቁም ሣጥን ነው ብሎ አዲስ ሰሌዳ ያስገባል። ሦስተኛው ወገን አዲሱን አስገብቶ አሮጌውን ያስቀምጣል። ከዚህ ሁሉ የወጣው ጠቃሚ መለያ የሚመለስና የማይመለስ ሥራ የሚለው ነው። በብሎን የታሰረ ነገር ነገ ይፈታል። የተበሳ እንጨት ግን እንደተበሳ ይኖራል።

ይህን መለያ እንዳለ ወስደን ለጆተኒ እንጠቀምበት ብንል ግን አንድ እክል አለ። ፒንቦል ሠሪው የታወቀ የፋብሪካ ዕቃ ነው። እያንዳንዱ ሞዴል ስምና የወጣበት ዓመት አለው፤ ስለዚህ «የቀድሞ መልኩ» ሲባል ወዴት እንደሚመለስ ይታወቃል። ጆተኒ ግን የአገር አናጢና የአገር ብረት ሠሪ እያየ የሠራው፣ እየፈታ የቀጠለው ነው። ሳጥኑ ከአንዱ፣ ብረቱ ከሌላው፣ ሰዎቹ ከሦስተኛው ሊመጡ ይችላሉ። በጥገና ለኖረ ዕቃ «መጀመሪያ እንዲህ ነበር» የሚል ማስረጃ ከየት ይመጣል? መልሱን ከዕቃው ሳይሆን ከልኩ ነው የምፈልገው። የብረቶቹ ርቀት፣ የሰዎቹ እግር ከወለል ከፍታ፣ የጎሉ ስፋት ከተጠበቁ እንጨቱ ሦስት ጊዜ ቢቀየርም ያ ጆተኒ ያው ጆተኒ ነው። ተጫዋቹ የለመደው እነሱን ነው፤ እጁ የሚያውቀው እነሱን ነው።

ቆላው በእንጨት ላይ

ይፋት በልግም ክረምትም የሚዘንብበት አገር ነው። በመካከል ሙቀቱ ያደርቃል። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ በወርዱ ይነፋል፣ ሲደርቅ ይሸሻል፤ በዓመት ሁለቴ እንዲህ የሚተነፍስ ሳጥን መጋጠሚያው ይከፈታል፣ ኮላው ይለቃል፣ የሜዳው ወለል ሆዱ ያብጣል ወይም ይሰረጎዳል። ኳስ መሀል ሜዳ ላይ ብቻዋን መሄድ ስትጀምር ሰው የሳጥኑን እግር ነው የሚጠረጥረው፤ ቆርኪ ወይም ጠጠር ከሥር ይወሸቃል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የወለሉ ነው። ውሃ ልክ መጀመሪያ በሳጥኑ ጠርዝ፣ ቀጥሎ በሜዳው ላይ ማስቀመጥ ሁለቱን ይለያቸዋል፤ ጠርዙ ልክ ሆኖ ሜዳው ካዘመመ ከእግር ሥር የሚወሸቅ ምንም ነገር አያድነውም።

በእንጨት ምርጫ ሐሳብ ይከፋፈላል። ዋንዛ ብዙም አይጣመምም፣ ለመላግም ይመቻል፤ የድሮ የቤት ዕቃ ሠሪዎች የወደዱት ለዚህ ነው። ሆኖም በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 542 ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ጥድንና ኮሶን ከመንግሥት ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር። ባሕር ዛፍ በየቦታው ይገኛል፤ ሳይደርቅ ከተሠራበት ግን ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ለወለል ኮምፐርሳቶ የሚመርጡ ትክክል ናቸው፤ ንብርብሩ በተሻጋሪ ስለተጣበቀ አይሸሽም። ጠርዙ በቀለም ካልተዘጋ ግን ውሃ ገብቶ ይፈለፍለዋል። በእኔ ግምት በጣም ጥሩው እንጨት ከአሮጌ በር ወይም ከአሮጌ አልጋ የተገኘ ነው። መሸሽ የሚገባውን ያህል ሸሽቶ ጨርሷል።

ምስጥ ደግሞ ከእግር ይጀምራል። ስለዚህ ሙሉውን ሳጥን ከላሜራና ከብረት መሥራት ይሻላል የሚሉ አሉ። ብረት አይጣመምም፣ ምስጥም አይበላውም፤ ነገር ግን ፀሐይ ላይ ይግላል፣ ኳስ ከግድግዳው ስትነጥርም ከእንጨት ላይ እንደምትነጥረው አይደለችም። ድምፁም ይለያል። እግሩን ብረት፣ ሳጥኑን እንጨት ማድረግ ሁለቱንም ያስታርቃል።

አንድ ብረት ነቅሎ ማየት

የጥገናው ልብ ያለው በብረቶቹ ነው። በጥገናው ጊዜ የሚነገረው ቋንቋ ራሱ የጨዋታውን መንገድ ተከትሎ የመጣ ነው፤ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ሞላ፣ ኩሺኔታ፣ ቶርኖ፣ ስቱኮ፣ ሁሉም ጣሊያንኛ ሥር ያላቸው የጋራዥ ቃላት ናቸው። የደሴ መንገድ የከባድ መኪና መንገድ በመሆኑ ከመንገዱ ዳር ላለ ሰው ይህ ዕውቀትና ይህ ቁርጥራጭ ብረት ሩቅ አይደለም።

እጀታው ወልቆ፣ ሰዎቹ ተፈትተው ብረቱ ሲወጣ መጀመሪያ የሚታየው ቅናቱ ነው። በመስኮት መስታወት ላይ አስቀምጦ ቀስ ብሎ ማንከባለል ነው። የጎበጠ ከሆነ በአንድ በኩል ከሥሩ ብርሃን ይገባል፤ ሲዞር ብርሃኑ ይጠፋል፣ ተመልሶ ይመጣል። ጉብጠቱ ላይ በጠመኔ ምልክት ይደረግና ሁለት የእንጨት ኩርሲ ላይ አጋድሞ በጎማ መዶሻ ጥቂት ጥቂት መምታት፣ እንደገና ማንከባለል። በእሳት አግሎ ማቅናት ፈጣን ይመስላል። ቀልቶ የቀዘቀዘ ብረት ግን ይለሰልሳል፤ በሚቀጥለው ኃይለኛ ምት እዚያው ቦታ ላይ ይጎብጣል።

ሁለተኛው ብረቱ በሳጥኑ ግድግዳ የሚያልፍበት ቀዳዳ ነው። አዲስ ሳለ ክብ ነበር። ብረቱ በክብደቱ ወደ ታች ስለሚጫነው ቀዳዳው እያደር ከሥር ይበላና እንቁላል ይመስላል። ያኔ ብረቱ ይንቀጫቀጫል፣ የሰዎቹ እግር ወደ ወለል ይወርዳል፣ አንዳንዴም ሜዳውን ይቧጥጣል። መሙያው ምን ይሁን ለሚለው ሦስት ልማድ ይቀርባል። ቆዳ ድምፅ አያሰማም፣ በቶሎ ግን ይደርቃል። ከፕላስቲክ የውሃ ቱቦ የተቆረጠ ቀለበት በየቦታው ይገኛል፣ ያን ያህል አይበረክትም። ቶርኖ ቤት ከናይለን የሚወጣው ቀለበት ከሁሉም ይበልጣል፤ ብቻ ናይለን እርጥበት ሲጠጣ በጥቂቱ ይነፋልና ቀዳዳው ልክክ ካለ በክረምት ብረቱን ይይዘዋል። ትንሽ አየር መተው የግድ ነው።

ሦስተኛው የላላው ሰው ነው። ሰውየው በብረቱ ላይ የታሰረበት ብሎን ቀዳዳውን እያሰፋው ሲሄድ እጀታው ቀድሞ ይዞራል፣ እግሩ ተከትሎ ይደርሳል። ለዓይን የማይታይ መዘግየት ነው፤ ለተጫዋች ግን ግብና ሳጥን የመምታት ያህል ልዩነት አለው። እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት ሰውየውን በብየዳ መለጠፍ ነው። ሲሰበር መቀየር አይቻልም፣ ሙቀቱም ብረቱን ያጎብጠዋል። ወፍራም ብሎን ማስገባት ለጊዜው ይይዛል፣ ቀዳዳው በሰፋ ቁጥር ግን ቱቦው ይደክማል። የተሻለው ክፍት በሆነው ቱቦ ውስጥ ደረቅ ወይራ ወይም ሌላ ጠንካራ እንጨት ጠርቦ መዶል፣ ከዚያ ብሎኑን በእንጨቱ ውስጥ ማሳለፍ ነው። ብሎኑ የሚደገፍበት ሥጋ ያገኛል፤ ሥራውም ይመለሳል።

ቅባቱ ብቻውን ሌላ ጭቅጭቅ ነው። የሞተር ዘይት ብረቱን ያፈጥናል የሚሉ ብዙ ናቸው፣ እውነትም ያፈጥናል። በመንገድ ዳር አቧራ ግን ዘይት አፈር ይሰበስባል፣ አፈሩ ከዘይቱ ጋር ሆኖ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ቀለበቱን ይፈገፍጋል፤ ጠብታውም ሜዳውን ያጠቁራል። ደረቅ ጨርቅ፣ አልፎ አልፎም ጥቂት ሲሊኮን ለቆላ ይሻላል።

ቀለም፣ መብራትና የሳንቲሙ አፍ

መለወጥ ሲባል መጀመሪያ የሚመጣው ማሊያ ነው። ሰዎቹ የአርሰናልና የማንቸስተር፣ የጊዮርጊስና የቡና ይሆናሉ። ቀለም ላይ ጥብቅ መሆን አስፈላጊ አይመስለኝም፤ ድሮም በየጊዜው የተቀባ ነገር ነው። አንድ ጥንቃቄ ብቻ ይበቃል፤ ቀለም በቀለም ላይ ሲደራረብ እግሩ ይወፍራል፣ ጠርዙ ይደበዝዛል፣ ኳስ መያዝ ያቅተዋል። ከመቀባት በፊት አሮጌውን መፋቅ ያስፈልጋል። የእግሩ መርገጫ ደግሞ ባይቀባ ይመረጣል።

ለማታ ጨዋታ አምፖል መስቀል፣ በሽቦ ላይ ነጥብ መቁጠሪያ መሰካት፣ ለጎሉ መረብ ማድረግ፣ እነዚህ ሁሉ በማሰሪያ ከተሠሩ ይመለሳሉ። የብረቶቹን ርቀት ወይም ክብደት መንካት ግን ጨዋታውን ራሱን መለወጥ ነው። ክፍቱን ቱቦ አውጥቶ ድፍን ብረት ማስገባት ምቱን ያከብደዋል፣ እጅን ግን ያዘገየዋል። ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ጥገና ግን አይደለም፣ ባለቤቱም እንደዚያ አውቆ ይሥራው።

የሳንቲሙ አፍ ያለው ሳጥን ከተገኘ ልዩ ጉዳይ ነው። ባለ ጆተኒው ኳሷን በእጁ ከሚሰጥበት ልማድ ጋር ያ ቀዳዳ ሥራ የለውም፤ ውሃና አፈር ያስገባልና በላሜራ መድፈኑ ይቀላል። እኔ እንዳይደፈን እለምናለሁ። ከውስጥ በኩል በሚፈታ ሽፋን መዝጋት ይቻላል። ጨዋታው በእኛ ቋንቋ ስሙን ያገኘው በዚያች ቀዳዳ ነው።

በጥርጣሬ ዓይን

ጆተኒን የሚያሰጋው እርጅና ብቻ አይደለም፤ በከተማ አስተዳደርና በፖሊስ መግለጫዎች ከፑል፣ ከሺሻና ከጫት ቤት ጋር አብሮ ይጠራል፤ በተለይ ትምህርት ቤት አጠገብ ሲሆን። ስጋቱ መሠረት የሌለው አይደለም፤ ከክፍል የቀረ ተማሪ ጆተኒ ዙሪያ ይገኛል። ሆኖም ሁለት ነገሮች ይቀላቀላሉ። የተሸነፈ የጨዋታውን ዋጋ ይከፍላል የሚለው ልማድ ኪራይ ነው። በውጤቱ ላይ በብር መወራረድ ቁማር ነው። አንዱን ለማጥፋት ሌላውን መውረስ አያስፈልግም። ኒው ዮርክ ይህን ሳትለይ በ1942 እ.ኤ.አ. ፒንቦልን ከልክላ ማሽኖቹን በመዶሻ አስፈልጣለች፤ እገዳው የተነሳው በ1976 ሮጀር ሻርፕ የተባለ ጸሐፊ በከተማዋ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ኳሷ የምትገባበትን መስመር አስቀድሞ ተናግሮ፣ ጨዋታው የችሎታ መሆኑን ካሳየ በኋላ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት መሆኑ ነው። የተፈለጡት ግን አልተመለሱም።

የግልባጭ ግልባጭ

ከጥገናው አንድ ያልተቋጨ ነገር ይቀራል፤ የተሰበረ ሰው በምን ይተካ? የእንጨት ሰው ቀላልና በእጅ የሚጠረብ ነው፣ ሁለት አንድ ዓይነት ማውጣት ግን ይከብዳል። ፕላስቲክ ከሌላ ሳጥን ካልተገኘ በቤት አይሠራም። ከቁርጥራጭ አሉሚኒየም ማቅለጥ ደግሞ አገሩ የለመደው ሙያ ነው፤ ብረት ድስት የሚባለው ዕቃ የሚወጣው በዚሁ መንገድ ነው። አሮጌው ሰው አሸዋ ውስጥ ታትሞ ይወጣል፣ በቦታው የቀለጠው ይፈስሳል።

አሉሚኒየም ግን ሲቀዘቅዝ ከመቶ አንድ ገደማ ይሸሻል። ከብረቱ እስከ እግሩ ጫፍ 75 ሚሊ ሜትር ያለው ሰው ግልባጩ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ያጥራል። ከግልባጩ ሌላ ግልባጭ ሲወጣ 2፣ ከዚያም ሲወጣ 3 ይሆናል። ኳሷ 35 ሚሊ ሜትር ገደማ ናት፤ በእግሩና በወለሉ መካከል ያለው ክፍተት በ3 ሚሊ ሜትር ሲሰፋ ኳሷን መቆጣጠር ይከብዳል። ባለቤቱ ብረቱን ዝቅ ያደርጋል፣ ለዚያም አዲስ ቀዳዳ ይበሳል፤ ልኩም በዚሁ ይጠፋል። አንዳንዱ ሻጋታ የሚሆነውን ሰው በወፍራም ቀለም ወይም በስቱኮ አወፍሮ ያትመዋል፤ ይረዳል፣ መልኩን ግን ያደበዝዘዋል።

ስለዚህ ሳጥኑ ተፈትቶ ግቢ ውስጥ ሲዘረጋ ከሃያ ሁለቱ በጣም ያልተጎዳው ይመረጥ። ቀለሙ ተፍቆ፣ ቁመቱ በካሊፐር ተለክቶ፣ ከብረቶቹ ርቀት ጋር በሳጥኑ ሆድ ውስጥ በማይጠፋ ቀለም ይጻፍ። በቦታው ግልባጩ ይጫወት። የተመረጠው ሰው ግን ከካቻቢቴውና ከፒንሳው ጋር በመሣሪያ ሳጥን ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጥ፤ የሚቀጥለው ሁሉ ከእሱ እንዲወጣ።